ጌጤ ዋሚ ኒው ዮርክ ለምን ሄደች?

ሴፕቴምበር 30 ቀን 2007 ጌጤ ዋሚ የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አሸነፈች። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማራቶን የሮጠ ሰው በማግስቱ ደረጃ ሲወርድ ያየ የርቀቱን ዋጋ ያውቃል፤ ጭኑ አልታዘዝ ብሎት መደገፊያውን ይዞ በጎኑ ነው የሚወርደው። ስለዚህም አብዛኞቹ ታላላቅ ሯጮች በዓመት ሁለት ማራቶን ይበቃናል ይላሉ፤ በመካከሉም ወራት ያርፋሉ፣ ይዘጋጃሉ። ጌጤ ግን በ35ኛው ቀን፣ ኖቬምበር 4፣ ኒው ዮርክ ላይ ለመነሻው ተሰልፋ ታየች።

ምን አጣደፋት? ገንዘብ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ግን ገንዘብ ከዚያ በፊትም ነበረ። አዲሱ ነገር ደንቡ ነው። በ2006 ቦስተን፣ ለንደን፣ በርሊን፣ ቺካጎና ኒው ዮርክ ተባብረው የነጥብ ውድድር አቋቋሙ። አንደኛ የወጣ 25፣ ሁለተኛ 15፣ ሦስተኛ 10፣ አራተኛ 5፣ አምስተኛ 1 ነጥብ ያገኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ የሚቆጠርለት ከአራት ውድድር ያመጣው ነጥብ ብቻ ነው። በመጨረሻ ብዙ ነጥብ የሰበሰበችው ሴት 500,000 ዶላር ትወስዳለች፤ ወንዱም እንደዚያው። ሁለተኛ ለሆነ ከዚያ ገንዘብ የሚደርሰው ነገር የለም።

ሂሳቡን ቀረብ ብለን እንየው፤ የጌጤን እግር ያንቀሳቀሰው እሱ ነውና። በ2006 በርሊንን አሸንፋ 25 ነጥብ ይዛለች። በ2007 ለንደን ላይ በቻይናዋ ዡ ቹንሹ ተቀድማ 15 ጨመረች፤ ድምሩ 40 ሆነ። የላትቪያዋ ዬሌና ፕሮኮፕቹካ ደግሞ ቦስተን ላይ ሁለት ጊዜ ሁለተኛ፣ ኒው ዮርክ ላይ አንድ ጊዜ አንደኛ ወጥታ 55 ነበራት። የበርሊኑ ሁለተኛ ድል ሲጨመር ጌጤ 65 ደርሳ መሪነቱን ያዘች። ነገር ግን ፕሮኮፕቹካ ኒው ዮርክ ትሮጣለች። ብታሸንፍ 80 ትገባለች፤ ሁለተኛ ብትወጣም 70። ጌጤ ቤቷ ቁጭ ብላ በቴሌቪዥን ብትመለከት የሁለት ዓመት ልፋቷን የሚወስነው የሌላ ሰው እግር ይሆን ነበር። ስለዚህ የበርሊኑ ድካም ከእግሯ ሳይወጣ ሄደች።

በዚያን ቀን ከፊቷ የነበረችው የብሪታንያዋ ፓውላ ራድክሊፍ ናት። ፓውላ ልጅ ከወለደች ዓመት እንኳ አልሞላትም። ሁለቱ ገና በጠዋቱ ከሌሎቹ ተነጥለው ወጡ፤ ፓውላ ከፊት፣ ጌጤ ከኋላዋ ተጠግታ። ለፓውላ የነጥቡ ነገር ምኗም አልነበረም፤ የምትሮጠው ለኒው ዮርክ ብቻ ነው። ጌጤ ግን አንድ ኒው ዮርክ ላይ ሁለት ውድድር ይዛ ነበር። ፕሮኮፕቹካ ከኋላ እስካለች ድረስ ሁለተኛነት ይበቃታል፤ እንዲህ ያለ ሯጭ ከፊት ወጥቶ ነፋስ የሚሰብርበት ምክንያት የለውም። መንገዱን ሁሉ እንደዚያው ሮጠች። ሴንትራል ፓርክ ውስጥ መጨረሻው አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይቀረው ግን ከፓውላ ጀርባ ወጥታ ቀደመቻት። ፓውላ ወዲያው መለሰችላትና በ2:23:09 ገባች፤ ጌጤ በ2:23:32 ተከተለቻት። ፕሮኮፕቹካ ሦስተኛ ሆነች። ነጥቡ 80 ለ65፣ ሽልማቱም የጌጤ።

ያ የመጨረሻ ጥቃት በሂሳብ ብቻ ከተኬደ አያስፈልግም ነበር። አሁን ሳስበው ከሩጫው ሁሉ ደስ የሚለኝ እሱ ነው፤ ደንቡ አርባ አንዱን ኪሎ ሜትር ገዛት፣ የመጨረሻውን ግን አልገዛትም።

ጌጤ የሰሜን ሸዋ ልጅ ናት፤ ትውልዷ ጫጫ ነው። ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ በጣርማ በር ዋናውን መንገድ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ አውቶቡስ ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ጫጫን ሳያቋርጥ አይሄድም። ከእሷ በፊት በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢቂላም የተወለደው ጃቶ፣ ከዚሁ ከደብረ ብርሃን ብዙ ሳይርቅ ነው። ስለ ደጋው አየር፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ሕዝቡ ወኔ ብዙ ተብሏል። ሁሉም ሳይጠቅም አልቀረም። ያልተነገረው የደንቡ ድርሻ ነው። ጌጤ በ1974 ስትወለድ በኦሊምፒክ ሴት የምትሮጠው ረጅሙ ርቀት 1,500 ሜትር ነበር። 10,000 ሜትር ለሴቶች የተፈቀደው በ1988 ሶል ላይ፣ 5,000 ሜትር ደግሞ በ1996 አትላንታ ላይ ነው። በ2000 ሲድኒ ላይ ጌጤ በ10,000 ብር፣ በ5,000 ነሐስ ወሰደች። በተወለደች ጊዜ ሁለቱም ውድድሮች በደንቡ አልነበሩም። ደጋው ግን ያኔም ደጋ ነበር።

ከማራቶኑ በፊት ጌጤን ያወጣት አገር አቋራጭ ነው፤ ደንብ ሲለወጥ የሩጫ ጠባይ እንዴት እንደሚለወጥ ከዚያ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። እስከ 1997 ድረስ የዓለም ሻምፒዮናው ለአዋቂ ሴቶች አንድ ውድድር ብቻ ነበረው፤ ርቀቱም ከስድስት ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ስድስት ኪሎ ሜትር አስታራቂ ርቀት ነው። የ1,500 ሯጭዋም የ10,000ዋም ተስፋ አላት፤ ማንም ሙሉ በሙሉ አይመቸውም፣ ማንም ሙሉ በሙሉ አይከፋውም። ጌጤ የ1996ቱን ወርቅ ስቴለንቦሽ ላይ ያገኘችው በዚህ ርቀት ነው። በ1998 ማራካሽ ላይ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ውድድሩን ለሁለት ከፈለው፤ አጭሩ 4 ኪሎ ሜትር፣ ረጅሙ ለሴቶች 8፣ ለወንዶች 12። የአጭሩ ዓላማ ጭቃ የሚሸሹትን የመካከለኛ ርቀት ሯጮች መሳብ ነበር፤ ምናልባትም በምሥራቅ አፍሪካውያን የተያዘውን መድረክ ለሌላውም ማስፋት።

የመጀመሪያው ዓመት ተስፋ የሚሰጥ ነበር። የአየርላንዷ ሶንያ ኦሱሊቫን አጭሩንም ረጅሙንም ጠቅልላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ግን ውድድሩ እስከ ቀረበት እስከ 2006 ድረስ የሴቶቹን አጭር ርቀት ወርቅ ከኬንያና ከኢትዮጵያ ሌላ የነካው የለም። በወንዶቹማ ዘጠኙንም ጊዜ ከሁለቱ አገሮች አልወጣም። ለሌላው ሰው የተዘረጋው ማዕድ ላይ የተቀመጡት የድሮዎቹ ባለቤቶች ናቸው።

ይህ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ኦስተንድ ላይ በ2001 ታየ። ውድድሩ መጀመሪያ ለደብሊን ነበር የተሰጠው፤ በዚያ ዓመት ብሪታንያንና አየርላንድን አፍተግር ስላስጨነቃቸው ወደ ቤልጅግ ጠረፍ ተዛወረ። (አፍተግር ምን እንደሚያደርግ ለመንዝ ከብት አርቢ መንገር አያስፈልግም።) በባሕሩ ዳር ባለው የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ላይ፣ ጭቃው እግር እየያዘ፣ ጌጤና ፓውላ ሁለት ቀን ተከታትለው ተገናኙ። በመጀመሪያው ቀን ረጅሙ ነበር። የፓውላ ጉልበት በርቀት ነው፤ ከፊት ሆና እየጎተተች የሰውን ፍጥነት ከእግሩ ታወጣለች። ፓውላ አንደኛ፣ ጌጤ በጥቂት ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ። በማግስቱ አጭሩ መጣ። አራት ኪሎ ሜትር ማንንም ጎትቶ ለማድከም አይበቃም፤ የመጨረሻ አፈትልኮ መውጣት ያለው ያሸንፋል። ጌጤ አንደኛ፣ ፓውላ ሁለተኛ። ሴቶቹ ያው ናቸው፣ ጭቃው ያው ነው፣ በመካከል ያለፈው አንድ ሌሊት ነው። የተለወጠው የሜትሩ ቁጥር ብቻ ነው።

ከዚያ ቀነኒሳ በቀለ መጣ። ሁለቱንም ጉልበት ባንድ ሰውነት የያዘ ሰው ይመጣል ብሎ ደንቡን የጻፈው ክፍል ያሰበ አይመስለኝም። ከ2002 እስከ 2006፣ ከደብሊን እስከ ፉኩኦካ፣ በየዓመቱ አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ፤ አምስት ዓመት፣ አሥር ወርቅ። ፌዴሬሽኑ ለብዙ ሰው በር ልክፈት ብሎ ለአንድ ሰው ሁለት ቤት ሠራለት። በ2007 አጭሩ ተሰርዞ ሞምባሳ ላይ እንደገና ለአዋቂዎች አንድ አንድ ውድድር ብቻ ሆነ። ቀነኒሳ በዚያ ዓመት አቋርጦ ወጣ፤ ያሸነፈው ግን የደንቡ ለውጥ ሳይሆን የጠረፉ ሙቀት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ኤዲንብራ ላይ ረጅሙን መልሶ ወሰደ።

ደንብ ማውጣትና የአጨዋወት መለወጥ እንዴት እንደሚያያዙ ለማየት ከሁሉ ይልቅ የሚረዳው ግን በእኛ አገር የማይታወቅ ጨዋታ ነው፤ ራግቢ ሊግ። ሞላላ ኳስ በእጅ ታቅፎ መሮጥ ነው፤ በእጅ የሚቀበለው ከኋላህ ያለ ጓደኛህ ብቻ ነው፤ ተቃራኒው ይዞ ይጥልሃል። ጨዋታው የተወለደው በ1895 ነው። በሰሜን እንግሊዝ ያሉ ክለቦች ሀደርስፊልድ ከተማ ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው ከዋናው የራግቢ ማኅበር ተገነጠሉ። ጠቡ በገንዘብ ነበር፤ የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኛው ለጨዋታ ብሎ የቀረበት ደመወዝ ይተካለት አይተካለት። ተመልካች ከፍሎ ካልገባ ለተጫዋቹ የሚከፈል የለም፣ ተመልካች ደግሞ ሩጫ ይወዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደንቡን የሚነካኩት ዓይናቸውን ተመልካቹ ላይ ጥለው ነው። በ1906 ተጫዋቹን ከ15 ወደ 13 ቀነሱ፤ ሜዳው ሰፋ፣ የሚያልፍበት ክፍተት በዛ። የተጣለው ሰው ተነሥቶ ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ ለጓደኛው እንዲሰጥም ፈቀዱ።

እዚህች ላይ ቀዳዳ ቀረች። ቡድኑ ስንት ጊዜ ተጥሎ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ገደብ አልነበረውም። መሪ የሆነ ቡድን ኳሷን አቅፎ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ ካልጣላት በቀር የሚወስድበት የለም። ሰዓቱ ይሄዳል። በሲድኒ ሴንት ጆርጅ የሚባለው ክለብ ከ1956 እስከ 1966 አሥራ አንድ ዓመት ሳያቋርጥ ሻምፒዮን ሆነ፤ ጥሩ ተጫዋቾች ስለነበሩት ነው፣ ያን ማንም አይክድም፣ ግን ጥሩ ቡድን ኳስ እንዳይለቅ የሚፈቅድ ደንብም ነበር። በ1966 እንግሊዞች ለቴሌቪዥን በሚተላለፍ የማታ ውድድር ላይ አዲስ ደንብ ሞከሩ፤ አራት ጊዜ ከተጣልክ በኋላ ኳሷን አንተ ይዘህ መቀጠል የለም። ወዲያው ወደ ሌሎቹ ውድድሮች አዛመቱት። አውስትራሊያ በ1967 ተቀበለችው። በዚያው ዓመት የሴንት ጆርጅ ተከታታይ ድል ቆመ።

አራት ግን አነሰ። አራት ዕድል ብቻ ያለው ሰው አያቅድም፣ ይቸኩላል። ገና ሦስተኛው ላይ ሳለ ኳሷን በእግሩ መትቶ ያባርራል፣ ወይም ከሩቅ በጎሉ ቀዋሚዎች መካከል ለማሳለፍ ይሞክራል። ይህን የመንዝ ሰው ከሜዳ ሳይሆን በጋራ ከሚጠበቀው የሣር ቦታ፣ ከጓሳ ያውቀዋል። በአባቶች ሥርዓት ጓሳ ለዓመታት ተዘግቶ በተወሰነ ቀን ሲከፈት ሣሩ ላይ የሚቸኩል አልነበረም፤ ድርሻው ይጠብቀዋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ግን ዛሬ ያላጨድኩት ነገ የሌላ ነው የሚል ሐሳብ ገባ፣ ማጭዱም ቸኮለ። ሰዎቹ በአንድ ሌሊት ስግብግብ አልሆኑም፤ የነገው ዋስትና ነው የጠፋው። ራግቢዎቹም ይህን ተረድተው በ1971 አውስትራሊያ፣ በ1972 ብሪታንያ ወደ ስድስት ከፍ አደረጉት። አውስትራሊያ ከሩቅ ተመትቶ ለሚገባውም ዋጋውን ከሁለት ነጥብ ወደ አንድ ቀነሰችው። ስድስቱ እስከ ዛሬ አለ። አምስቱን በእጅ ተጫውቶ በመጨረሻው ኳስ መምታት የሚባለው የዛሬው የጨዋታው መልክ ከዚህ ቁጥር የወጣ ነው፤ ማንም አሠልጣኝ አልፈጠረውም።

ይበልጥ የሚያስቀው በ2020 የሆነው ነው። የአውስትራሊያው ሊግ ከኮሮና ዕረፍት ሲመለስ ጨዋታውን ለማፋጠን ፈለገ። ተከላካዩ የወደቀውን ሰው ይዞ ካዘገየ ዳኛው ቅጣት ምት አይሰጥም፤ ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ያስጀምራል፣ ጨዋታውም ሳይቆም ይቀጥላል። ፈጣን ሆነ፣ እውነት ነው። ግን አሠልጣኞቹ በሌሊት ቁጭ ብለው አሰሉት። ተቃራኒው ገና በራሱ ጎል አጠገብ እያለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጣል ብታዘገየው ምን ታጣለህ? የምትሰጠው አንድ ተጨማሪ ዕድል ነው። የምታገኘው ግን ተከላካዮችህን ደርድረህ መተንፈሻ ነው። ቅጣት ምት ቢሆን ኖሮ ኳሷ በአንድ ምት ሜዳውን ታቋርጥብህ ነበር። ስለዚህ ሆን ተብሎ ጥፋት ይሠራ ጀመር። ጨዋታ ለማፋጠን የወጣ ደንብ የማዘግያ መሣሪያ ሆነ። በ2022 ሊጉ ደንቡን መልሶ አስተካከለ፤ ኳስ የያዘው ቡድን በራሱ 40 ሜትር ውስጥ ሳለ እንዲህ ከተደረገበት ቅጣት ምት እንዲያገኝ አደረገ።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር አንድ ነው። ደንብ የሚያወጣው ሰው በወረቀቱ ላይ የሚያየው ምኞቱን ነው፤ ተጫዋቹ እዚያው ወረቀት ላይ የሚያነበው የእያንዳንዱን ነገር ዋጋ ነው። ይህ ተንኮል አይደለም። ጌጤ በ35 ቀን ሁለት ማራቶን መሮጧ ተንኮል ነው የሚል የለም። የማራቶኖቹ ማኅበር ምኞት ታላላቆቹ ሯጮች ደጋግመው እንዲገናኙ ነበር፤ ተሳካለትም፣ ግን በአንዲት ሴት ጭን ኪሳራ። ከዓመታት በኋላ ማኅበሩ ዙሩን ወደ አንድ ዓመት አሳጠረው፤ የሚቆጠሩትንም ውድድሮች ቀነሰ።

ደንብ አለማንበብም የራሱ ዋጋ አለው። በሴፕቴምበር 2021 ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ የቪየናን ማራቶን አንደኛ ሆኖ ገባና ጥቂት ቆይቶ ተሰረዘ፤ የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደግሞ ከ4 በላይ ከልክሏል። ድሉ ወደ ኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ዞረ። አበበ በሮም በባዶ እግሩ ሲሮጥ ስለ ሶል ውፍረት የሚጠይቅ አልነበረም። ዛሬ አንድ ሴንቲ ሜትር 42 ኪሎ ሜትር ታስረሳለች፤ ይህን ለሯጩ የሚነግረው ሰው ከአሠልጣኙ እኩል ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መሐል ሜዳ እንምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለ ገና ጨዋታ አንድ ነገር ለማለት ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ የመንዝ ሜዳ ጠዋት አመዳይ ለብሶ ያድራል። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ክፍት ነው። የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ባናውን ጥሎ፣ ጫፉ የቆለመመውን የገና ዱላ ይዞ ይወጣል። የሰው ብዛት አይቆጠርም፤ የመጣ ይገባል። የሜዳው ዳር የት እንደሆነ የሚያውቀው ሜዳው ራሱ ነው፤ ገደል፣ አጥር፣ ወንዝ። የጨዋታውን ኳስ፣ ሩሯን፣ ወደ ተቃራኒው መንደር ወሰን ያደረሰ አሸነፈ። ሰዓት የሚይዝ የለም፣ ፀሐይ ነች። በዚህ ደንብ፣ ያልተጻፈ ቢሆንም ደንብ ነው፣ ንጉሡ ከሩቅ መቺው ነው። ዱላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ ሩሯን ባየር ይለቃታል፤ ሕዝቡ ከኋላዋ ይጎርፋል። ጥበበኛው፣ ሩሯን ከእግሩ ሥር አሳልፎ በሁለት ሰው መካከል የሚያወጣው ልጅ፣ እዚያ ሕዝብ ውስጥ ቅልጥሙን ከመመታት የተረፈ ጥቅም አያገኝም።

የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር አሰባስቦ የውድድር ደንብ አውጥቶለታል፤ የተወሰነ ተጫዋች፣ የተሰመረ ሜዳ፣ ጎል፣ ዳኛ፣ ሰዓት። በየዓመቱ በሚደረገው የባህል ስፖርቶች ውድድር ክልሎች ይገናኙበታል። በዚህ ደንብ ውስጥ ያ ሩቅ መቺ ምን ይሆናል? ሩሯን በሙሉ ጉልበቱ ሲመታት ከመስመር ትወጣለች፣ ለተቃራኒው ትሰጣለች። ትናንት ጀግና ያሰኘው ምት ዛሬ ኪሳራ ነው። በተራው ያ ቅልጥሙ የሚመታው ልጅ ይነሣል፤ ሰው ስላነሰ ክፍተት አለው፣ ዳኛ ስላለ ዱላ አይፈራም። አጭር ቅብብል፣ ጎል አጠገብ መጠበቅ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መከላከል ይመጣል። ስሙ ገና ነው፣ ዱላው ያው ነው፣ የሚያሸንፈው ሰው ግን ሌላ ነው።

ይህን ስል የተጻፈውን ደንብ እየነቀፍኩ አይደለም። ልጆቻችን ከሌላ ክልል ልጆች ጋር የሚገናኙት በዚያ ደንብ ነውና መማር አለባቸው፤ ለውድድሩ የሚመርጣቸውም ሰው በመንደር ጨዋታ ላይ ሩሯን አርቆ የመታውን እያየ ከመረጠ ተሳስቷል፣ በጠባብ ቦታ የሚያሳልፈውን ይፈልግ። ግን የገና ዕለት በየመንደሩ የሚደረገው ጨዋታ በዚያ ደንብ ይመራ የሚሉ አሉ፣ ለሥርዓት ሲባል። እኔ አልስማማም። የመንደሩ ጨዋታ ዋጋው ሽማግሌውም ልጁም፣ እግሩ የሚያነክሰውም የሚገባበት መሆኑ ነው። ቁጥሩ ከተወሰነ የሚወጡት እነሱ ናቸው። መሪዎቹ ሜዳ ውስጥ፣ ሌላው ሰው ባናውን ተከናንቦ ዳር ቆሞ ተመልካች ይሆናል።

በመንደሩ ጨዋታ ላይ የሚያስፈልግ አንድ ደንብ ቢኖር ዱላ ከትከሻ በላይ አይነሣ የሚለው ይመስለኛል፤ ጥርስና ዓይን ያተርፋል። እሱንም ቢሆን ከማወጃችን በፊት ከላይኛው ሰፈር ዋናውን መቺ ጠርቶ መጠየቅ ይበጃል። ዱላውን ማንሣት ሲከለከል ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። እኔ ስገምት ጎንበስ ብሎ ከመሬት ሥር እየጠረገ ይመታል፤ ያኔ ዓይን ቢተርፍም ቁርጭምጭሚት ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ የእግር መከላከያ ከየት እንደሚመጣ ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ይታሰብበት፤ ከበግ ቆዳ ቢሠራ አገሩ መንዝ ነው፣ አይጠፋም።